የእድሩ በርሜሎች

ሰኔ 21

የበኃይሉ ውጤት ዛሬ ወጣ። የምግብ ቧንቧው ላይ ካንሰር ነው። ዶክተር ሄራን የምትባለው ሐኪም ከልጃችን ከራሔል ብዙም አትበልጥም። ስትናገር የምታየው እኔን ነው። ታማሚው አጠገቤ ተቀምጦ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ ያሽከረክራል፤ እሱን ግን እንደ ዕቃ ዘለለችው። ቀዶ ሕክምና አሁን አያዋጣም አለች። ጠጣር ምግብ ቀርቶ አጥሚትና ሾርባ፣ እሱም በጥቂት በጥቂቱ።

«ከምን መጣበት?» አልኳት።

«እናቴ፣ አንድ ሰው ላይ ሲደርስ ከዚህ ነው ብሎ መናገር ያስቸግራል። የሚያጋልጡ ነገሮች ብዙ ናቸው።»

«ወጣትነቱን በሙሉ እርሻ ልማት ኬሚካል ሲረጭ ነው የኖረው። ያለ ጓንት፣ ያለ ጭንብል።»

«ሊሆን ይችላል። ላይሆንም ይችላል።»

ላይሆንም ይችላል! ይህን ለማለት ነው ይህን ያህል ዘመን የተማረችው? አልኩ በልቤ። በአፌ ያልኩት «እግዜር ይስጥልኝ» ነው። ሁልጊዜ እንዲህ ነኝ።

በባጃጅ ስንመለስ በኃይሉ ሐይቁን እያየ «አይዞሽ ዘነቡ፣ እድሬ አለ» አለኝ። እድር የሚቀብር እንጂ የሚያድን አይደለም። ምን ማለቱ እንደሆነ ገብቶኛል። ያልገባኝ መስዬ «ንፋስ እንዳይመታህ» ብዬ ፎጣውን አንገቱ ላይ አስተካከልኩለት።

ሰኔ 25

ጥቁር ፌስታሎቹን በሙሉ ሰብስቤ ጣልኩ። ከእንግዲህ ትኩስ ምግብ በፌስታል ተቋጥሮ ወደዚህ ቤት አይገባም። የሻገተ በርበሬ፣ የሻገተ ለውዝ አይገባም። የራሔልን የጸጉር ቀለምም ደበቅሁት። ከሥራ መጥታ ስታጣው «እማዬ፣ አባዬ እኮ ጸጉሩን ተቀብቶ አያውቅም!» አለች። በኃይሉ ሳቀ። ሲስቅ ያመዋል፤ ግን ሳቀ።

እኔ የማውቀውን ከየትም ለቃቅሜ ነው ያወቅሁት። ስኳር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ፣ ከመድኃኒት ካርቶን ውስጥ ከምትወጣው ቀጭን ወረቀት፣ ራሔል ከጣለቻቸው የትምህርት ቤት መጻሕፍት። አብዛኛው ቅዳጅ ነው። «በተለይ መወገድ ያለበት» ይልና እዚያው ላይ ያልቃል። የቀረውን ማን ምን ጠቅልሎበት እንደሄደ እንጃ። ስለዚህ ሁሉንም አስወግዳለሁ።

ከአጥር ወዲያ አለምነሽ ዛሬም ከሰል ለማቀጣጠል ፕላስቲክ ስታነድ አረፈደች። ጭሱ ቀጥ ብሎ የበኃይሉ መስኮት ላይ።

«አለምነሽ፣ በሽተኛ አለብኝ።»

«ታዲያ መስኮቱን ዝጊያ! እኔ ላንቺ ብዬ በባዶ ሆዴ ልደር?»

ዘጋሁት። እንደዚህ ዓይነት ሴት ጤነኛ ናት። ከኔም ከሱም በኋላ ትኖራለች።

ሰኔ 29፣ እሁድ

የእድራችን ዕቃ ቤት ከግቢያችን ጥግ ነው። ቁልፉ በእኔ እጅ። ድስቱም፣ ሰሃኑም፣ አግዳሚውም፣ ድንኳኑም በእኔ ይወጣል፣ በእኔ ይገባል። ሌሊት ጣሪያው አፍስሶ ስለነበር ዛሬ ዕቃውን ላናፍስ ከፈትኩ። ሰማያዊዎቹን የውሃ በርሜሎች ወደ ፀሐይ ሳንከባልል ከአንደኛው ላይ ቀለሙ ተልጦ ከስሩ ወረቀት ብቅ አለ። የራስ ቅል ሥዕል። ግማሹ ተፍቋል፤ የቀረው መንጋጋውና ጥርሱ ነው።

ክዳኑን ከፍቼ አሸተትኩ። ፀሐይ ሲሞቀው በኃይሉ ከእርሻ ሲመለስ ሸሚዙ ላይ የነበረው ሽታ መጣ። ያንን ሽታ ዓይኔን ጨፍኜ እለየዋለሁ፤ ያንን ሸሚዝ ሳጥብ ነው ያረጀሁት።

ሰው በየልቅሶው ከዚህ ሲጠጣ ከርሟል። ንፍሮው የተቀቀለው በዚህ ውሃ ነው። በርሜሎቹ የመጡት አምና እህቴን ላስታምም ደብረ ብርሃን በሄድኩበት ጊዜ ነው። ስመለስ ታጥበው፣ ቀለም ተቀብተው፣ በወግ ተደርድረው ቆዩኝ። ማን አመጣቸው ብዬ አልጠየቅሁም። ስለ ውሃ በርሜል ማን ይጠይቃል?

የሴቶቹ ተጠሪ ይህችው አለምነሽ ናት። ጠርቼ አሳየኋት።

«እና ምን ይሁን? በአመድ አጥበን፣ በጠጠር ፈትገን፣ ወይራ አጥነነዋል። አሁን ይሸታል?»

«ይሸታል።»

«አፍንጫሽ ነው። ከሐኪም ቤት ከመጣሽ ወዲህ ያልሸተተሽ ነገር የለም።»

«ወይራ የወተት ዕቃ ያጸዳል እንጂ መርዝ አያጸዳም።»

«እናቶቻችን በወይራ አይደል እንዴ ሁሉን ነገር የሚያጥኑት?»

«እናቶቻችን ይህን በርሜል የት አይተውት!»

ያን ጊዜ አተያይዋ ተለወጠ። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ዘነቡ፣ ይህን ነገር ተዪው። ለራስሽ ብዬ ነው» አለችኝ። ማስፈራራትዋ ነው። ፈርቼ አልተውም።

ሐምሌ 1

ለበኃይሉ ነገርኩት። ትራሱን እያስተካከልኩለት ነበር። በጣም የሚደነግጥ መስሎኝ ነበር፤ ይህን ነገር ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

«ማን አመጣቸው?»

«እድሩ ነዋ።»

«እድር እግር አለው?»

«ደክሞኛል ዘነቡ።»

እውነት ደክሞት ነው። በሽተኛ ላይ ነገር መደርደር ምን ይባላል? አንዳንዴ ራሴን እጠላለሁ።

ሐምሌ 4

ፒያሳ ወርጄ የእድሩን ሊቀመንበር አቶ ፊልሞንን ሱቁ አገኘሁት። ሚስማር ይመዝን ነበር።

«በርሜሎቹ መርዝ የነበረባቸው ናቸው አቶ ፊልሞን።»

እጁ ቆመ። «ማን ነገረዎት?»

ማን ነገረዎት! አይደለም አላለም፤ እንዴት ይሆናል አላለም። ማን ነገረዎት ነው ያለው። የሚያውቅ ሰው አነጋገር ነው።

«ሥዕሉን አየሁት። ይጣሉ።»

«ይጣላሉ። አሁን ግን ጊዜው አይደለም።»

«መቼ ነው ጊዜው? ሰው ሁሉ ጠጥቶ ሲያልቅ?»

ሚስማሩን ለደንበኛው ጠቅልሎ ሰጠና «ጋሽ በኃይሉ እንዴት ናቸው?» አለኝ። «እሳቸውን ይማርልን እንጂ ሌላው ቀስ ብሎ ይደርሳል።»

ወሬ ማስቀየሱ ነው። የባሌን በሽታ መሸሸጊያ አደረገው። እጅ ነስቼ ወጣሁ። እጅ ነሳሁ! በር ላይ ስደርስ ነው ስድቡ የመጣልኝ፤ የሚሰድበው ሰው ግን ከኋላዬ ቀርቷል።

ሐምሌ 10

በኃይሉ ዓሣ ሾርባ አማረው። ሐይቁ ዳር ሄድኩ። ዓሣ የሚጠብሱበትን ዘይት አየሁት፤ የጠቆረ፣ ሬንጅ የመሰለ። ሾርባ በዘይት አይሠራም፤ አውቃለሁ። ግን ያንን ዘይት አይቼ እጄ አልዘረጋልኝም። ባዶ እጄን ተመለስኩ፣ አጥሚት ሰጠሁት። «ዓሣው አልወጣም እንዴ?» አለ። «አልወጣም» አልኩት።

እንዴት እንዲህ እከለክለዋለሁ? ካንሰር ያለበትን ሰው ካንሰር እንዳይዘው?

ሐምሌ 14

ችኮላ ላይ ነኝ። የታቢታ እናት አረፉ። ከማዶ ያለችው ታቢታ፣ ሕፃን የምታዝለው። ጡሩምባ ተነፋ። ድንኳን አወጣሁ። ድስት፣ ሰሃን፣ አግዳሚ ሁሉንም አወጣሁ። በርሜሎቹን አላወጣም። ቆልፌባቸዋለሁ። በር ላይ እየጮሁ ነው።

ሐምሌ 15

የቧንቧ ውሃ ከጠፋ ሰንብቷል፤ ቦቴ መኪና አስመጥተው በርሜል ውስጥ ሊያስገለብጡ ነበር። ቦቴው ቆሞ ውሃ የሚቀበለው ዕቃ ጠፋ። ሰዎች በባልዲ፣ በድስት፣ ባገኙት ተቀበሉ። ግማሹ መሬት ላይ ፈሰሰ። ለቀስተኛው መዝሙር እየዘመረ ጭቃ ውስጥ ቆመ።

አለምነሽ በሬን በእጅዋ ደበደበች። «የሞተ ሰው ላይ ቁልፍ? አንቺ ሴትዮ፣ ልብሽ ከምን ተሠራ? የራስሽ ቤት ሞት አይገባም መሰለሽ?»

አላርፍ ብዬ ልቅሶ ለመድረስ ታቢታ ዘንድ ሄድኩ። «እግዚአብሔር ያጽናሽ» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና «እትዬ፣ እናቴ ምን አድርጋዎት ነው?» አለችኝ። ላንቺ ብዬ ነው፣ ለዚህች ላዘልሻት ልጅ ብዬ ነው ማለት ነበረብኝ። ሰው በተሰበሰበበት አፌ አይከፈትም። ቤት ስገባ ነው የሚከፈተው። እዚህ ወረቀት ላይ ነው።

በኃይሉ ጩኸቱን ሁሉ ሰምቷል። «ስጪያቸው» አለኝ። «ለምን?» ስለው ዓይኑን ጨፈነ።

ሐምሌ 20፣ እሁድ

ጠቅላላ ጉባኤ። በሕይወቴ ጉባኤ ላይ ተናግሬ አላውቅም። ዛሬ ተናገርኩ።

«በርሜሎቹ የኬሚካል ናቸው። እነዚህን በርሜሎች ማን እንዳመጣቸው ሊቀመንበሩ እዚሁ ይናገር» አልኩ።

ያን ያህል ሰው ተቀምጦ የዝናቡ ድምፅ ብቻ ቆርቆሮው ላይ። ሁሉም መሬት መሬት ያያል። አለምነሽ እንኳ፣ ምላሷ ማረፍ የማያውቀው፣ የነጠላዋን ጥለት ትቆጥራለች። ፈሪዎች! ሊቀመንበራቸውን ፈርተው ነው አልኩ።

አቶ ፊልሞን ተነሳ። «እኔ ነኝ ያመጣኋቸው» አለ።

«ከየት?»

«ካገኘሁበት። ጥፋት ከሆነ የእኔ ነው።»

አመነ! በሁሉ ፊት አመነ! ልቤ በደስታ ዘለለች። ግን ማንም አልተቆጣውም። እንዲያውም አንድ ሽማግሌ ከንፈራቸውን መጠጡ፤ ለእሱ አዝነው። ከዚያ ነገሩ ወደ እኔ ዞረ። የሞተ ሰው ላይ የእድር ንብረት ቆልፋለች ተባለ። ቁልፉን እስክትመልስና በጉባኤ ይቅርታ እስክትጠይቅ ከነቤተሰቧ ትታገድ ተባለ። ታግዶ እያለ ሞት የገባበት ቤት እድሩ አይደርስለትም። ሕጉ ነው።

እጅ ወጣ። አቶ ፊልሞን ብቻ እጁን አላወጣም። ለታይታ ነው።

አንዱ «ቁልፉን ሰብረን እንግባ» ሲል «በሽተኛ የተኛበት ግቢ ሰብራችሁ ልትገቡ ነው?» ብሎ የተቆጣውም እሱ ነው። ይህም ለታይታ ነው።

ሐምሌ 21

ለበኃይሉ መታገዳችንን አልነገርኩትም። ሰው ነግሮታል። ስገባ ራሔል አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ትነግረዋለች፦ «አባዬ፣ አንተው ንገራት። እኔ አልችልም።»

ሲያዩኝ ዝም አሉ። ስለ ሞቱ ነው የሚያወሩት። የማላውቅ መስሏቸዋል።

ሱሪው ሰፍቶታል። ቀበቶው ላይ አዲስ ቀዳዳ አበጀሁለት።

ሐምሌ 23

ጭስ። እንደገና ጭስ። ፕላስቲክ፣ የጫማ ሶል፣ ምን እንደሆነ እንጃ። በኃይሉ ሲስል ሳል ሳይሆን የተቀደደ ነገር ድምፅ ነው የሚወጣው። ወጥቼ በአጥሩ ላይ ባልዲ ውሃ ምድጃዋ ላይ ደፋሁባት። እኔ! ዝምተኛዋ!

አለምነሽ ከነአመዷ ተነሳች። «መርዝ መርዝ ትያለሽ! ፊልሞን ምን በደለሽ? ያንቺን ቤት ጉድ ተሸክሞ በጉባኤ ፊት ራሱን ያዋረደውን ሰው! ሂጂና ባልሽን ጠይቂ ከየት እንዳመጣቸው! እሱን ጠይቂ!»

ከዚያ እጅዋን አፏ ላይ ጫነች። ሁለታችንም ቆምን። ምድጃው እየጤሰ ነበር።

ሐምሌ 24

ልብስ አጠብኩ።

ሐምሌ 26

ጠየቅሁት። በሞት አፋፍ ላይ ባለ ሰው መጮህ ነውር ነው። ጮህኩበት።

ድምፁ አሁን ሹክሹክታ ነው፤ ጆሮዬን አፉ ላይ አድርጌ ነው የሰማሁት። ጡረታ ከወጣ በኋላ የድሮ የእርሻው ባልደረባው ባዶ በርሜሎች ሲጣሉ አይቶ ጠራው። እድሩ የውሃ ዕቃ አልነበረውም። በጋሪ አስጭኖ አመጣ። እሱ ራሱ በገዛ እጁ አጠበ፣ እሱ ራሱ ቀለም ቀባ።

«ምን እንደነበረባቸው ታውቅ ነበር።»

«ሁላችንም ስንጠቀምበት አልኖርንም? ድሮ እኛ ቤት የነበረው ጀሪካን ከየት የመጣ ይመስልሻል?»

ይህን ሲለኝ ጆሮዬን ከአፉ አነሳሁ፤ ከዚያ መልሼ አስጠጋሁ።

«አጨበጨቡልኝ ዘነቡ» አለ። «ጉባኤው ተነስቶ አጨበጨበልኝ። በዕድሜዬ ማንም አጨብጭቦልኝ አያውቅም።»

ለዚህ ነው እንግዲህ ሁሉም መሬት ያዩት። ለዚህ ነው ፊልሞን «ጊዜው አይደለም» ያለው። እየሞተ ያለ ሰው አመስጋኞቹ ፊት እንዳይዋረድ ሁሉም ዝም ብለው ሲጠጡ ከርመዋል፤ አውቀውም፣ ገምተውም። እኔ ደግሞ በአደባባይ «ማን ነው ያመጣው?» እያልኩ።

«በርሜሎቹን ላጥፋቸው» አልኩት።

እጄን ያዘ። ኃይል የለውም፤ ግን ያዘ። «ካጠፋሻቸው ሰው ለምን ይላል። ‹በኃይሉ መርዝ አጠጣን› ይላል። ይህን መቃብሬ ላይ አትጣይብኝ። እድሬ ይቅበረኝ። ሌላ አልጠይቅሽም።»

ጥላቻ አለብኝ፤ በማን ላይ እንደሆነ ግን ቦታ አጣሁለት። በእርሻው ላይ ልበል? ፈርሷል። በበኃይሉ ላይ? እሱ እንደ ጨርቅ አልጋው ላይ ተዘርግቷል።

ነሐሴ 3

ሐኪም ቤት። አሁን ውሃም በግድ ነው የሚወርደው። ዶክተር ሄራን ለሕመሙ ማስታገሻ ጻፈችልን። ስንወጣ ኮሪደሩ ላይ ጠርታኝ «እናቴ፣ ያን ዕለት ቆርጬ ስላልነገርኩዎት ተቀይመውኛል» አለች። አልተቀየምኩም አልኳት። «ብዙ ሰው አንድ ጥፋተኛ እንድሰጠው ይፈልጋል፤ የለኝም» አለች። ያን ጊዜ አለቀስኩ። መጥፎ ልጅ አይደለችም።

ነሐሴ 7

ቁልፉን ይዤ ፊልሞን ሱቅ ሄድኩ። መዝጊያውን ገርበብ አድርጎ በርጩማ ሰጠኝ።

«ለምን እኔ ነኝ አሉ?»

«ጋሽ በኃይሉ አባቴ ሲሞት ሦስት ቀን ከድንኳኔ ያልወጡ ሰው ናቸው። ምን እንድል ይፈልጉ ነበር?»

«እውነቱን።»

«እውነቱ እሳቸው ካለፉ በኋላም ይደርሳል። ቀስ ብለን፣ ‹አርጅተዋል› ብለን እንቀይራቸዋለን። አሁን ሌላ በርሜል የለንም። ብናነሳቸው ሰው ምክንያት ይጠይቃል።»

«እስከዚያ የሚጠጣውስ?»

ሚዛኑን በጣቱ ወደ ታች ተጭኖ ለቀቀው።

እኔም ቁልፉን በእጄ እንደያዝኩ «እሁድ በጉባኤ እመልሳለሁ» ብዬው ወጣሁ።

ነሐሴ 11፣ እሁድ

በጉባኤ ፊት ቆሜ «አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በሉኝ» አልኩ። ይቅር አሉኝ። አንዲት ሴት ከኋላ «አሁን ሞት ሲጠጋት ጊዜ!» ስትል ሰማሁ። ልክ ናት። ቁልፉን አለምነሽ ተቀበለችኝ። እጅዋ እጄን ሲነካ ሁለታችንም ሸሸን።

ለበኃይሉ እገዳው ተነሳ አልኩት። ዓይኑን ጨፍኖ ፈገግ አለ። ያን ፈገግታ በምን እንደገዛሁት አውቃለሁ።

ነሐሴ 14

አይተኛም። ምራቁንም አይውጥም። በጨርቅ ከንፈሩን አርሳለሁ።

የዓሣ ሾርባውን ለምን ከለከልኩት? ለምን?

ነሐሴ 17

ንጋት ላይ አረፈ። ራሔል እጁን ይዛ ነበር። እኔ ውሃ ላሞቅ ወጥቼ ነበር።

ጡሩምባው ተነፋ። እየመጡ ነው።

ነሐሴ 24

የቀብሩን ቀን ካልጻፍኩት ሰው በራሱ መንገድ ይነግረኛልና ልጻፈው።

እድሩ መጣ። አንድ ሰው አልቀረም። ፊልሞን ሳጥኑን ከፊት ተሸከመ፤ እሱ ጴንጤ ነው፣ የቤተ ክርስቲያናችን ቅጥር ውስጥ ግን ከካህናቱ እኩል ቆመ። ታቢታ እናቷን ከቀበረች ገና ወር ቢሞላት ነው፤ ልጅዋን አዝላ መጣች። ቁልፍ ዘግቼባት እንደነበር ማንም እንዲያስታውሳት አላስፈለጋትም፤ ፊቷ ላይ ነበር። ግን መጣች።

ከመቃብር ስንመለስ በርሜሎቹ ድንኳኑ በር ላይ ሞልተው ቆመዋል። አዲስ ቀለም ቀብተዋቸዋል፤ አለምነሽ ይሆናል። የራስ ቅሉ ጥርስ አይታይም። ሰው እጁን እየታጠበ ገባ። እኔን ፍራሽ ላይ አስቀመጡኝ፣ ራሔል ጎኔ። ንፍሮው ዞረ። ንፍሮ ያደርቃል፤ ሰው ውሃ ይፈልጋል። የመጀመሪያዎቹ ኩባያዎች ወደ በርሜሉ ሲሄዱ አየሁ፤ እንዳላየሁ ለመሆን ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሳብኩ። መቃብሬ ላይ አትጣይብኝ ብሎ ለምኖኛል። ዝም ብል ማንም አይወቅሰኝም። ዝም ማለት ደግሞ ዕድሜዬን ሙሉ የሠራሁት ሥራ ነው።

በነጠላው ሽንቁር ታቢታን አየኋት። ልጅዋን ከጀርባዋ አውርዳ አቅፋታለች። ሕፃኗ ኩባያውን በሁለት እጅዋ ልትይዝ ትንጠራራለች። ታቢታ ጎንበስ ብላ ቀዳች።

ሐዘንተኛ ከፍራሹ አይነሳም። እኔ ተነሳሁ።

«በኃይሉ!» ብዬ ጮህኩ። ከዚያ ወዲያ ከስሙ ሌላ አንድ ቃል ከአፌ አልወጣም። መርዝ አላልኩም። ኬሚካል አላልኩም። «በኃይሉ! በኃይሉዬ!» እያልኩ በሰዎቹ መሀል ሮጥኩ፣ ኩባያውን ከታቢታ እጅ መታሁት፣ የመጀመሪያውን በርሜል በትከሻዬ ገፋሁት። ወደቀ። ውሃው በወንዶቹ እግር ሥር ሄደ። ሴቶቹ ጮሁ። ራሔል «እማዬ!» አለች፣ ግን አልያዘችኝም። ሁለተኛውንም ገለበጥኩ። ከማገዶው አጠገብ መጥረቢያ ነበር። አነሳሁት።

ወንዶቹ ሊይዙኝ ተነሱ፤ ቆሙ። ባሏን አሁን ቀብራ የመጣች ሴት እጅ ማን ይጠመዝዛል? ሐዘንተኛን አይቆጡም። «ተዉአት! ተዉአት፣ ሐዘን ነው!» አለ አንድ ድምፅ። የፊልሞን ነበር። ሁለት እጁን ዘርግቶ ሰውን ወደ ኋላ ይመልስ ነበር።

በርሜሉን መታሁት። ወፍራም ፕላስቲክ ነው፤ መጥረቢያው ይነጥራል። መታሁት፣ ስሙን ጠራሁ፣ መታሁት። የሆነ ቦታ ላይ ማስመሰሉ ቀርቶ እውነቱ ጀመረ፤ የት ላይ እንደሆነ አላውቅም። ለምን ሄድክ፣ ለምን አመጣሃቸው፣ ለምን አጨበጨቡልህ፤ ይህ ሁሉ «በኃይሉ» በሚለው ውስጥ ነበር።

ክንዴ ሲዝል አንድ በርሜል ቀርቶ ነበር። አለምነሽ መጣች። ልትቀማኝ መስሎኝ መጥረቢያውን ደረቴ ላይ ያዝኩ።

«አምጪው» አለች በጆሮዬ፣ ሳትለሳለስ። «ለአንድ በርሜል እስከ ማታ ልትቆሚ ነው?»

ሰጠኋት። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረችና «ወይኔ ጋሽዬ! ወይኔ ጋሽ በኃይሉ!» እያለች ለሁለት ከፈለችው። ከዚያ መጥረቢያውን ማገዶው ላይ ጥላ፣ ፊቴን እንኳ ሳታይ፣ «ሴቶች! ምን ቆማችኋል? ውሃ ከየቤታችሁ አምጡ!» ብላ ጮኸች።

አልታረቅንም። ትናንት ጠዋትም ፕላስቲክ አንድዳለች።

ታቢታ የተመታ እጅዋን እያሻሸች ቆማ ነበር። የገባት አይመስለኝም። ምናልባትም ገብቷታል፤ በማግስቱ ሕፃኗን ይዛ መጥታ ከጎኔ ፍራሹ ላይ ተቀመጠች፣ ምንም ሳትለኝ።

ፊልሞን ስብርባሪውን አስጠረገ። ንብረቱስ ብለው ሲጠይቁት «በሐዘን የጠፋ ነገር አይጠየቅም» ብሎ ዘጋው። ማንም ስለ በኃይሉ አንድ ክፉ ነገር አላለም። በርሜል ያመጣ ደግ ሰው ሆኖ ተቀበረ።

በሰልስቱ ሴቶቹ ከመጋረጃው ወዲያ ሽንኩርት እየከተፉ ሲያወሩ ሰማኋቸው። አለምነሽ መሀላቸው ነበረች፤ ድምፅዋ ግን አልተሰማም።

«ያቺ ዝምተኛ! አየሻት? ባሏን ይህን ያህል ትወደው ኖሯል?»

«እኔስ የምትጠላው ነበር የሚመስለኝ።»

ይበሉ። ሁለቱም አልተሳሳቱም።